ዝም አሰኝ የሚሉት ቅጠል

አባቴ የገዛ እግሩን ለውርርድ አቀረበ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እሑድ ምሳ በልተን ሳህኑ ገና ሳይነሳ፣ በፋሻ የተጠቀለለ ቀኝ እግሩን ወንበር ላይ እንደሰቀለ፣ ችሎት የተሰየመ ይመስል ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ስሙኝ" አለ እኔን እያየ። "ነገሩን ያንቺ ላቦራቶሪ ይፍረድ። የእህቴ የእትዬ ቅጠል ከሠራ በቅጠሉ እቀጥላለሁ፤ መርፌ የሚባል ነገር እዚህ ቤት ሁለተኛ አይነሳም። ካልሠራ ደግሞ እወጋለሁ። የወንድ ቃል ነው!"

ይህን የወንድ ቃል የሰጠን ሰውዬ፣ ለደም ምርመራ ጣቱን ጫር ሲያደርጉት ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ሰው ነው።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ጓደኞቹ "ፍሬን" ይሉታል። አልሄድም ካለ አልሄድም ነው፤ ከኋላ ቢገፉት ከፊት ቢጎትቱት ንቅንቅ አይልም። ስኳር ከያዘው ቆይቷል። በኪኒን ሲገፋው ኖሮ ባለፈው ዓመት አዲስ ጫማ አውራ ጣቱን ላጠውና ቁስሉ አልድን አለ። የሆስፒታሏ ሐኪም እግሩን አገላብጣ ካየች በኋላ፣ ኪኒኑ ከእንግዲህ እንደማይበቃው፣ ኢንሱሊን በመርፌ መጀመር እንዳለበት፣ ቁስሉም ሆስፒታል እየተመላለሰ መጠረግ እንዳለበት ነገረችው። "እንቢ ካሉኝ ግን አባቴ፣ መጀመሪያ ስለ ጣትዎ፣ ቀጥሎ ስለ እግርዎ ነው የምናወራው" አለችው። መድኃኒቱን ይዘን መጣን። ነርሷም አወጋጉን ለእኔ አሳየችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ከእንቁላሉ ጎን ተቀምጧል፤ ወተት ላወጣ በከፈትኩ ቁጥር ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ።

እንቢ ያለው መርፌ ፈርቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ይዘን እንወጋው ነበር። እንቢ ያለው ግን ለአክስቴ ብሎ ነው።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ስትሞት አባቴ ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር፣ እሷም ራሷ ልጅ ነበረች። በጀርባዋ አዝላ፣ ከአፏ ነጥላ አሳደገችው። አላገባችም፣ አልወለደችም። "እኔ በልጅነቴ ወልጄ ጨርሻለሁ" ትላለች። አባቴ ስድሳን አልፎ፣ ጸጉሩ ሸሽቶ፣ ዛሬም "አንተ ልጅ" ነው የምትለው። መተዳደሪያዋ የባህል መድኃኒት ነው። ቅጠል ታደርቃለች፣ ስር ትቀጠቅጣለች፣ ትዘፈዝፋለች፣ ታፈላለች። ከሁሉ የምትኮራበት ግን ጓሮዋ ውስጥ አጥር ሥር የሚበቅል፣ ወፈር ያለና ጀርባው ግራጫ የሆነ ቅጠል ነው። ስሙን ከእናቷ እንደሰማችው "ዝም አሰኝ" ትለዋለች። ለምን እንደዚያ እንደተባለ ስትጠየቅ መልሷ አጭር ነው፦ "ቁስል ሲጮህ ዝም ያሰኛል፤ ስኳር ሲጮህም ዝም ያሰኛል።"

ለዚህ ሁሉ የተከፈላት ምስጋና ስድብ ነው። ቀን ቀን "ቅጠል በጣሽ" እያለ የሚያሽሟጥጣት ጎረቤት፣ ልጁ ሲቆስልበት በጓሮ በር ይመጣባታል፤ ልጁ ሲድንለት ደግሞ በፊት ለፊት በር ሲያልፍ ሰላም አይላትም። እሷ ትስቅበታለች። "ስሞት መቃብሬ ላይ የሚጽፉት አይቸግራቸውም" ትላለች። ሳቋ ግን ከአንገት በላይ መሆኑን እኔና አባቴ እናውቃለን።

"እትዬ ቅጠሏ እያላት እኔ ሄጄ ብወጋ ሰው ምን ይላታል?" ነው የአባቴ ነገር። "የገዛ ወንድሟን ማዳን ያቃታት ሊሏት ነው። ይህን ስም እኔ አልሰጣትም።"

"እሷ ራሷ ተወጋ ብላህ የለም እንዴ?"

"ለኔ ብላ ነው። ሆዷ እያረረ ነው ያለችው። አላውቃትም?"

እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል በቦታው አልነበርኩም። "አባዬ፣ ቅጠሉ ይሥራ አይሥራ ሌላ ነገር ነው፣ ያንተ እግር መዳን ሌላ ነገር ነው!" ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ በሚገባው ቋንቋ ልሞክር ብዬ ተቀመጥኩ። "አውቶቡስ ነህ እንበል። ስኳሩ ተሳፋሪ ነው። ቅጠሉ ቢሠራ ቢሠራ፣ ተሳፋሪው እየተጋፋ ቶሎ ቶሎ እንዳይገባ ያደርግልሃል። ያንተ ችግር ግን የመውረጃው በር ነው። በሩ ተበላሽቷል፣ የገባው አይወርድም። መርፌው ያን በር የሚከፍት ነው።"

አባቴ በጣም ተቆጣ። "እኔ በነዳሁት አውቶቡስ በር ተበላሽቶ አያውቅም!"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? ሳህኑን ሰብስቤ ወደ ኩሽና ገባሁ። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እኔ ግን መከራ መጥቶ እስኪመክርልኝ ድረስ የምጠብቅበት እግር አልነበረኝም።

አክስቴ በማግስቱ ቅጠሉን ራሷ ለቅማ፣ በጥላ አድርቃ፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። ቋጠሮውን ስቀበላት ግን አልለቀቀችውም።

"ሠራም አልሠራም እውነቱን ንገሪኝ" አለች።

"እነግርሻለሁ እቴቴ። የአባዬን ነገር..."

"የሱን አይደለም የምልሽ፤ የራሴን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ስሰጥ የኖርኩት መድኃኒት ይሁን ሣር ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።" ይህን ብላ ለቀቀችልኝ።

የምሠራው በባህል መድኃኒትነት የሚታወቁ ዕፅዋት በሚመረመሩበት የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ነው። ቴክኒሻን ነኝ። አባቴ "ጠርሙስ አጣቢ" ይለኛል፤ ብዙም አልተሳሳተም። የአክስቴን ቅጠል ፈጨሁት፣ አልኮል ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ አጠለልኩት፣ አልኮሉን አትንኜ አወጣሁት። የቀረው ጠርሙስ ላይ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ፣ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ነበር። ሽታው ዝናብ የመታው አፈር ይመስላል።

የመጀመሪያው ሙከራ በሳህን ነው። ጠፍጣፋ የመስታወት ሳህን ላይ ጄሊ የመሰለ የባክቴሪያ ምግብ ይፈሳል፤ ላዩ ላይ ቁስል የሚያመግል ባክቴሪያ ይቀባል፤ መሃሉ ላይ በቅጠሉ ጭማቂ የተነከረች ክብ ወረቀት ትቀመጣለች። ሙቀት ሳጥን ውስጥ ሲያድር ባክቴሪያው ይበቅልና ሳህኑ ነጣ ብሎ ይደፈርሳል። ቅጠሉ የሚረባ ከሆነ ግን በወረቀቷ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይቀራል። ሁለተኛው ሙከራ የስኳሩ ነው። ትንሽ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ባለ የድንች ስታርች ላይ አዮዲን ጠብ ሲደረግ ይጠቁራል። ሰውነታችን ውስጥ ስታርችን ቆራርጦ ስኳር የሚያደርግ ኢንዛይም አለ፤ እሱ ስታርቹን ከበላው አዮዲኑ የሚያጠቁረው ነገር ያጣና ቱቦው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ቅጠሉ ኢንዛይሙን ከያዘው ግን ስታርቹ ሳይበላ ይተርፋል፣ ቱቦውም ይጠቁራል። እንግዲህ በሳህኑ ላይ ባዶ ቦታ ደስታ ነው፤ በቱቦው ላይ ደግሞ መጥቆር ደስታ ነው። ሥራችን እንዲህ የተገላቢጦሽ ነው።

ጠዋት ሙቀት ሳጥኑን ስከፍተው ክቡ ጥርት ብሎ ጠበቀኝ። ሳህኑን ወደ መስኮቱ ወሰድኩት፤ ዓይኔ አልተሳሳተም። ቱቦዎቹንም ደገምኳቸው፣ ሠለስኳቸው። ቅጠሉ ያልገባባቸው ቢጫ ሲሆኑ፣ የአክስቴ ቱቦ ሁሌም ጠቆረ። ብቻዬን ጨፈርኩ። ጩኸቴን ሰምተው የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ። ስለ ቅጠሉ ስም ስነግራቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ዝም አሰኝ?" አሉ። "ኢንዛይሙን እኮ አልገደለውም። እዚያው አለ፤ ሥራውን ብቻ ነው ያስተወው። ዝም ነው ያሰኘው! እኛ እኮ ለዚህ ነገር የአማርኛ ቃል ስንፈልግ ስንት ስብሰባ ተቀምጠናል!"

እሳቸው ሲስቁ እኔ ግን ነገሩ በራሴ ላይ ዞረ። ቅጠሉ ሠራ ማለት አባቴ አይወጋም ማለት ነው። ውርርዱን ከነሰበቡ ለፕሮፌሰሩ ነገርኳቸው።

"ይህ ቱቦ ነው፣ አባትሽ ሰው ናቸው" አሉኝ ሳቃቸውን ትተው። "እኛ እዚህ አጠንክረን ያወጣነው ጭማቂና እሳቸው በኩባያ የሚጠጡት አንድ አይደለም። ሳህን ላይ ያለ ባክቴሪያና ደም በደንብ በማይደርሰው ጣት ውስጥ የገባ ባክቴሪያም አንድ አይደለም። ውጤቱ ገና መጀመሪያ ነው፤ ደስ የሚል መጀመሪያ። መርፌውን ግን አያስቀርም። አክስትሽን አምጪያቸው፣ እኔ ላስረዳቸው።"

ፕሮፌሰሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ሲያስረዱ አይጣል ነው። ተማሪዎቻቸው ከሚሉት ሩቡን ሰምተው ነው የሚመረቁት። ቢሆንም ሌላ ተስፋ አልነበረኝም።

አክስቴ የክት ልብሷን ለብሳ መጣች። በር ላይ ነጭ ጋዋን ሳለብሳት እጅጌው ጣቶቿን ዋጠው። "ሙሽራ አስመሰላችሁኝ፤ ሽማግሌ የላከ አለ እንዴ?" አለች። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ እጇን ኋላዋ አጣመረች፤ የሰው ዕቃ እንዳትነካ የተመከረች ልጅ መሰለችኝ። ሳህኑን አቀረብኩላት።

"ይሄ ጥጉን ይዞ የበቀለው ምንድን ነው?"

"ባክቴሪያው ነው።"

"መሃል ያለችው ወረቀትስ?"

"ያንቺ ቅጠል ያለባት።"

ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። "በዙሪያዋ ምንም አልበቀለም" አለች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ቱቦዎቹ አዞረች። "የሌላው ወርቅ ይመስላል፤ የኔ ከስሎ ቀርቷል።"

ዕድሜዋን ሙሉ ጓሮ ስትኮተኩት ለኖረች ሴት፣ ምንም ያልበቀለበት መሬት የተረገመ መሬት ነው። ፊቷ ሲጠቁር አየሁት። "አይደለም እቴቴ፣ እሱ እኮ..." ብዬ ስጀምር የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛው በሩን በርግዶ ገባ። የአልኮል በርሜል የጫነው መኪና መጥቷል፤ ሹፌሩ አልቆምም ብሏል፤ የምረከበው እኔ ነኝ። ከቢሯቸው ብቅ ላሉት ፕሮፌሰር "አደራ፣ እርስዎ ያስረዱልኝ" ብዬ ሮጥኩ።

በርሜሎቹን አስገብቼ፣ ከሹፌሩ ጋር ተጨቃጭቄ ስመለስ ፕሮፌሰሩ ተማሪ ከቧቸዋል። አክስቴ የለችም። ትንሽ ቆይታ ከመታጠቢያ ቤቱ ወጣች። ጋዋኑን አውልቃ በሥነ ሥርዓት አጥፋዋለች። ዓይኗ ቀልቷል።

"እንሂድ" አለችኝ።

"አላስረዱሽም?"

"ብዙ ተናገሩ። እኔ ከሳቸው ቋንቋ ምኑን እሰማለሁ? በዓይኔ ያየሁት ይበቃኛል።"

አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ይዛ ተቀመጠች። ከጎኗ ሆኜ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። "ሠርቷል" ብላት ፊቷ ይበራል፤ አባቴም ቤት ሆኖ ያንኑ ይሰማና መርፌውን ያስጥለናል። ዝም ብላት ግን ራሷ ሄዳ "አልሠራም" ትለዋለች፣ እሱም ቃሉን ይጠብቃል። ሰይጣን ጆሮዬ ሥር ገብቶ ተያት ይለኛል፤ እግሩ ሲድን ትነግሪያታለሽ ይለኛል። የአክስቴ እጅ ደግሞ ጉልበቷ ላይ ተቀምጦ አያለሁ፤ ቅጠል ሲፈትግ ኖሮ ጥፍሮቹ ሥር አረንጓዴ የማይለቀው እጅ። አፌን ከፍቼ "እቴቴ፣ አንድ ነገር..." አልኩ።

"ቤት ስንደርስ" አለችኝ ፊቷን ሳታዞር። እግዜር ይይልኝ፣ ስትከለክለኝ ቅልል አለኝ።

አባቴ ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮት ለብሶ፣ ለፍርድ ተዘጋጅቶ ጠበቀን። በእግሩ ላይ አዲስ ፋሻ አለ። አክስቴ ሻርፗን አውልቃ ከፊቱ ተቀመጠች።

"እ? እትዬ?"

"አልሠራም" አለችው።

አባቴ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። ለእግሩ የደነገጠ አይመስልም፤ ለእሷ ነው የደነገጠው። "እንዴት አልሠራም? ማሽናቸው ተበላሽቶ ይሆናል! እነዚህ ዝም ብለው ብርጭቆ የሚያንቃጭሉ ሰዎች ምን ያውቃሉ? ዕቃ እንኳ በደንብ ማጠባቸውን እጠራጠራለሁ!" በዓይኑ እኔን ገረፈኝ።

"ማሽን አይደለም፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። ባዶ ነው።"

"የዚያ የጎረቤታችን ልጅ ቁስል በማን ዳነ? አጥንቱ ይታይ አልነበር?"

"በራሱ ድኖ ይሆናላ።" አለችው። "ልጅ ነው። የልጅ ሥጋ ራሱን ይገጥማል።"

"የኔስ ስኳር? አንቺ እስካሁን ባትይዥው..."

"ኪኒንህ ነው የያዘልህ። እኔ ሣር ነው ሳጠጣህ የኖርኩት።"

እዚህ ላይ አልቻልኩም። ሴትዮዋ ዕድሜዋን አንድ በአንድ እያነሳች ስትጥል እያየሁ መቀመጥ አቃተኝ። የአባቴ እግርም፣ ውርርዱም፣ ሰይጣኑም ከጭንቅላቴ ጠፉ። ብድግ ብዬ "ሠርቷል!" አልኩ። "ሠርቷል እቴቴ! ተሳስተሽ ነው ያየሽው። ባዶው ቦታ ማለት ባክቴሪያው ያለቀበት ቦታ ነው። ባይሠራ ኖሮ ነው የሚበቅለው። ቱቦው የጠቆረውም ስታርቹ ስለተረፈ ነው፤ ቢጫ ቢሆን ነበር የሚከፋው። አባዬ፣ ቅጠሉ ሠርቷል፤ መርፌው ግን..."

አባቴ "መርፌው ግን" የሚለውን አልሰማም። ወንበሩ ላይ ቀና አለ፣ ፊቱ በራ። በገዛ አፌ እግሩን እንደቆረጥኩት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አክስቴ ግን ከት ብላ ሳቀች።

"እስቲ ይችን እዩልኝ! አንጀቷ አልችል ብሎ እኮ ነው። ከዚያ ጀምሮ እኔን ልታጽናና ስታምጥ ነው የመጣችው። አውቶቡስ ውስጥ 'እቴቴ አንድ ነገር' ስትለኝ ነበር። ባዶ ቀረ ስላት ባዶ ጥሩ ነው ትለኛለች። ጠቆረ ስላት መጥቆር ጥሩ ነው ትለኛለች። ቢበቅል ኖሮ ደግሞ መብቀሉ ጥሩ ነው ልትለኝ ነው! እኔ ሞኝ መሰልኳት?"

"እቴቴ፣ እውነቴን ነው፣ ፕሮፌሰሩን ጠይቂ..."

"ፕሮፌሰሩ ናቸው የነገሩኝ።" ቀና ብላ አየችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም፣ ዓይኗን ብቻ ከዓይኔ አልነቀለችም። ዓይኗ ውስጥ ያየሁት የተሳሳተ ሰው አልነበረም። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አባቴ ይህን አይቶ ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። አዘነልኝ። "ልጄ" አለ፣ "አንቺ ውሸት አትችዪበትም።"

የእህቱን እጅ ያዘ። "እትዬ፣ ለሌላው አይሥራ። ለኔ ሠርቷል።"

"ቃልህስ?"

"ቃሌማ ቃል ነው።" ምራቁን ዋጠ። "ግን አንቺ ነሽ የምትወጊኝ። ይቺ ጠርሙስ አጣቢ ከነካችኝ እጮሃለሁ።"

ፍሪጁን ከፍቼ መድኃኒቱን አወጣሁ። አክስቴ እጇን በሳሙና እስከ ክርኗ ታጠበች። እኔ ነርሷ ያሳየችኝን እያንዳንዱን ነገር አሳየኋት፤ አንዴም ሳታቋርጠኝ እንደ ተማሪ ሰማችኝ። ሐኪሟ ባዘዘችው ልክ መድኃኒቱን ሳበች። አባቴ ሸሚዙን ገለጠና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ያዘች።

"ቀስ በይ እትዬ። ስትጀምሪ ንገሪኝ። አሁን ነው?"

"ድሮ!" አለችው መርፌውን እያስቀመጠች። "ጨርሻለሁ። ኮትህን ልበስ። ነገ ጠዋት ደግሞ ለቁስልህ ሆስፒታል ትሄዳለህ፤ እኔ ነኝ የምወስድህ።"

"እሺ" አለ አባቴ። ፍሬን እሺ ሲል በሕይወቴ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሻይ ላፈላ ኩሽና ስገባ አክስቴ ተከትላኝ ገባችና በሩን ገፋ አደረገችው። የቧንቧውን ውኃ ከፍታ የታጠበ እጇን እንደገና መታጠብ ጀመረች።

"እኚያ ሰውዬ ሁሉንም ነግረውኛል" አለች። "ደግሞ ደህና አድርገው ነው የሚያስረዱት፤ ለምን ታሚያቸዋለሽ? ባዶው ቦታ ያለቁበት ነው አሉኝ። መነጽራቸውን አውልቀው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና 'እናቴ፣ ልክ ነበሩ' አሉኝ። እኔን እኮ ነው! ልክ ነበሩ አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ስለ እግሩ ነገሩኝ፤ ቅጠሉ ሠራ ከተባለ በውርርዱ መርፌው እንደሚቀርም ነገሩኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ለየትኛው እንዳለቀስኩ አላውቅም።"

"ታዲያ ይሠራል፣ ግን መርፌውም ያስፈልግሃል አትይውም ነበር?"

"እሱን? ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። 'ግን' የሚባል ቃል ጆሮው ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አንቺስ ቅድም ሞክረሽው የለ?"

እውነቷን ነው። ሻዩ ይፈላል፣ እኔ ቆሜ አለቅሳለሁ።

"ነገ እኮ ለሰዉ ሁሉ ያወራል" አልኳት። "የእህቴ ቅጠል አልሠራም እያለ ሲያዝንልሽ ሰፈሩ ይሰማል።"

"ይስማ። ያልተባልኩት ነገር አለ እንዴ?" ይህን ስትል ግን ድምፅዋ ተሰበረ። ቧንቧውን ዘጋችና እጇን በቀሚሷ አደረቀች። "እግሩ እስኪድን ይህች ነገር ከዚህ ኩሽና እንዳትወጣ። ለፕሮፌሰሩም ንገሪልኝ፤ የሚጽፉትን ቆይተው ይጻፉት።"

"እሺ።"

ከሳሎን አባቴ ሬዲዮ ከፈተ። አክስቴ ድምፁን ትንሽ አዳመጠችና ወደ እኔ ተጠጋች።

"እስቲ ንገሪኝ" አለች በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

"ቅድም እሱ ፊት ያልሽውን። ልጅቷ አጋለጠችኝ ብዬ ስደነግጥ በደንብ አልሰማሁትም።"

አንገቷን አቅፌ ጆሮዋ ሥር "ሠርቷል እቴቴ" አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች።

"እንደገና በይኝ።"

"ሠርቷል።"

"እንደገና" አለችኝ፤ እኔም እንደገና አልኳት።